ሳይጣሉ የተለያዩ ወዳጆች

ስለ ሥነ ጽሑፍ ማኅበራት የሚተርኩ መጻሕፍትን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ማኅበሩ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ማን ማንን እንደ ጋበዘ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ የት እንደ ተደረገ በዝርዝር ይነገረናል። መጨረሻው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ከጊዜ በኋላ አባላቱ ተበታተኑ ይባልና ምዕራፉ ይዘጋል። በጠብ የፈረሰ ማኅበር ታሪክ ጸሐፊ አያጣም፤ በአዋጅ የተዘጋም እንደዚሁ የሚያነሣው አይጠፋም። ያልተጣላ፣ ያልተከለከለ፣ ቅሬታውን በቃልም በጽሑፍም ያላሰማ፣ ብቻ አንድ ቀን መምጣቱን የተወ አባል ግን ታሪክ የለውም። ይህ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጽፍና የሚከራከር የነበረ እንደ ሆነ ደግሞ መቅረቱ እንቆቅልሽ ይሆንብኛል። ከጅምሩ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቢወጣ አይደንቅም። ምድጃው አጠገብ የነበረው ለምን ይወጣል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዛሬ አንባብያንን ወደ እንግሊዟ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወደ ኦክስፎርድ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። በዚያ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ «ኢንክሊንግስ» በሚል ስም የሚጠራ የጸሐፍት ጉባኤ ነበር። ይህን ጉባኤ የመረጥሁት ከአባላቱ አንዱ የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ስለ ነበረ የጉባኤውን መክሰም በቀንና በወር ለይተን ማየት ስለምንችል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከኢንክሊንግስ በፊት ሌላ ትንሽ ማኅበር ነበረ። በ1926 የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን የአይስላንድን ጥንታዊ ትረካዎች በቋንቋቸው የሚያነብ ቡድን አቋቋመ። ስማቸውንም «ፍም ነካሾች» አሉት፤ በአይስላንድኛ ከእሳቱ ዳር ከመጠጋታቸው የተነሣ ፍሙን ሊነክሱ የደረሱ ሰዎች ማለት ነው። በተራ እየተረጎሙ ዋና ዋናዎቹን ትረካዎች አንብበው ጨረሱ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም ጉባኤያቸው አበቃ። ስለዚህ ቡድን መበተን ማንም አዝኖ አልጻፈም፤ ሊያነቡ ተሰብስበው ነበር፤ አነበቡ፤ ተሰናበቱ። ሥራውን ፈጽሞ የተዘጋ ማኅበር ሞተ አይባልም። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፍም ነካሾች አንዱ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪ «ኢንክሊንግስ» የሚል ክበብ አቋቁሞ ያልታተሙ ጽሑፎች እየተነበቡ ይተቹበት ጀመር። ሉዊስና ቶልኪንም ይገኙ ነበር። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ክበቡ ከሰመ፤ ስሙ ግን በሉዊስ ዙሪያ ለሚሰበሰቡት ወዳጆች ተላለፈ። ስሙ እንደ እኛ ሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም ያዘለ ቀልድ ነው፤ አንድም ጭላንጭል ሐሳብ፣ አንድም ከቀለም ጋር የሚውል ሰው።

ኢንክሊንግስ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀ መንበር፣ የአባልነት መዋጮ አልነበረውም። ሁለት ቀናት ብቻ ነበሩት። ሐሙስ ማታ በሞድሊን ኮሌጅ በሉዊስ ክፍል፤ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ደግሞ «ንስርና ሕፃን» በተባለ መጠጥ ቤት። ሐሙስ የንባብ ቀን ነበር። አምስት ስድስት ሰዎች ሲሰበሰቡ የሉዊስ ታላቅ ወንድም ዋረን ሻይ ያፈላል፤ ፒፓ ይለኮሳል፤ ከዚያም ሉዊስ የሚነበብ ነገር ያመጣ ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ያመጣው ረቂቁን አውጥቶ ያነባል፤ ሌሎቹ ይፈርዳሉ። ዋረን እንደ መሰከረው ለመልካም ጽሑፍ ምስጋናው ያለ ስስት፣ ለደካማው ወቀሳው ያለ ርኅራኄ ነበር። የመሞጋገስ ማኅበር አልነበረም ማለት ነው። ማክሰኞ ግን የጨዋታ ቀን ነው፤ ቢራ ይጠጣል፣ ወሬ ይወራል፣ ይሳቃል።

በዚያ የሐሙስ ክፍል ምን እንደ ተነበበ ሲታሰብ ጉባኤው ምን ያህል ፍሬያማ እንደ ነበረ ይገባናል። ቶልኪን በዲሴምበር 1937 የጀመረውን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበበው በዚያ ነበር። ሉዊስ በ1940 ያሳተመውን ስለ ሕማምና ሥቃይ የሚናገር መጽሐፉን ለኢንክሊንግስ መታሰቢያ አደረገው። ቶልኪንም መጽሐፉ በ1954 መታተም ሲጀምር በመቅድሙ ከልጆቹ ጋር እነዚህን ወዳጆቹን አስታውሷል። በኋላ እንደ ጻፈውም ከሉዊስ ያገኘው ብድሩ የማይከፈል ውለታ እርማት ሳይሆን ማበረታታት ነበር፤ ያ ባይኖር ሥራውን ባልፈጸመው ነበር። ሉዊስ በሚቀጥለው ሐሙስ ተጨማሪ ምዕራፍ ይጠብቅ ነበር፤ ቶልኪንም የሚጠብቀው ሰው ስላለ ይጽፍ ነበር። ለእኔ የማኅበር ትርጉም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የለንደን ጽሕፈት ቤቱን ወደ ኦክስፎርድ አዛወረ። ከሠራተኞቹ ጋር ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ የነበረው ቻርልስ ዊልያምስ መጣ፤ ሉዊስም ወዲያው ወደ ጉባኤው አስገባው። የጦርነቱ ዓመታት ለጉባኤው እጅግ የሞቁ ዓመታት ሆኑ። መስኮት ተጋርዶ፣ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ሐሙስን አላስታጎሉም።

ጦርነቱ በአውሮፓ ባበቃ በሳምንቱ፣ ሜይ 15 ቀን 1945፣ ዊልያምስ በኦክስፎርድ ሆስፒታል በድንገት ዐረፈ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ሉዊስ ለታመመው ወዳጁ የሚያውሰውን መጽሐፍ ይዞ ሊጠይቀው ሲሄድ መርዶውን ሰማ። ከሆስፒታሉ ወደ ንስርና ሕፃን ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ እዚያም ወዳጆቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ይጠብቁት ነበርና መርዶውን ራሱ ነገራቸው።

ሉዊስ በ1960 ባሳተመው ስለ ፍቅር ዓይነቶች በሚናገር መጽሐፉ ይህን ሞት መልሶ ያነሣዋል። ቻርልስ ሲሞት ከሮናልድ፣ ማለትም ከቶልኪን፣ የሚደርሰው ድርሻ የሚበዛ ይመስል ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቻርልስ ብቻ ያወጣው የነበረው የሮናልድ ጠባይ ከቻርልስ ጋር አብሮ ጠፋ፤ ይላል። ለወዳጅነት እንዲህ ያለ ሒሳብ ያስቀመጠ ሌላ ሰው አላነበብሁም። ከስድስት ሰዎች አንዱ ሲጎድል የሚቀሩት አምስት ሙሉ ሰዎች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በጎደለው ሰው ፊት ብቻ የነበራቸውን ማንነት አጥተው የቀሩ አምስት ናቸው። ስለዚህ አንድ ብርቱ አባል ሲለይ ሌሎቹ ያለ ግልጽ ምክንያት ክፍሉ ይቀዘቅዛቸዋል።

ይሁንና ነገሩ ሌላ ገጽም አለው። ቶልኪን ከብዙ ዓመታት በኋላ ከሉዊስ ጋር ስለ መራራቃቸው በጻፈው ደብዳቤ መጀመሪያ የለያያቸው የዊልያምስ በድንገት መምጣት፣ ቀጥሎም የሉዊስ ጋብቻ እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ አንዱ ወዳጅ ያገናኘን ነበር ብሎ የሚያለቅስለትን ሰው ሌላው የለየን እርሱ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አዲስ አባል ሲገባ ማኅበሩ ይሞቃል፤ ቀድሞ ልዩ ጆሮ የነበረው ሰው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጆሮውን ከሌላ ጋር ይካፈላል። ይህን እንደ ቅሬታ ለማንሣት ያሳፍራል። ያሳፍራልና አይነሣም፤ አይነሣምና አይሽርም።

ከጦርነቱ በኋላ ጉባኤው በቁጥር አልሳሳም። የቶልኪን ልጅ ክሪስቶፈር ተጋበዘ፤ ድምፁ ከአባቱ ይልቅ ጥርት ያለ ስለ ነበረ የአባቱን ምዕራፎች ያነብብላቸው ጀመር። ሂዩጎ ዳይሰን የተባለው የቆየ ወዳጃቸውም ቀድሞ በሌላ ከተማ ያስተምር ነበርና አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ የነበረው በ1945 ወደ ኦክስፎርድ ተዛውሮ ዘወትር የሚገኝ ሆነ። ዳይሰን ተጫዋች፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ከንባብ ይልቅ ወግ ይወዳል፤ የቶልኪንን ታሪክ ደግሞ ፈጽሞ አይወደውም። በኤፕሪል 1947 ዋረን በማስታወሻው እንደ መዘገበው ዳይሰን በዚህ መጽሐፍ መነበብ ላይ የመቃወም መብቱን ይሠራበት ጀመር፤ እርሱ ባለበት አይነበብም ማለት ነው። ሳይነበብ የቀረው መጽሐፍ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አንባብያን ያገኘው ያው መጽሐፍ ነው።

በዚህ ስፍራ ዳይሰንን መክሰስ ቀላል ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሌሎቹ ጉዳይ ነው። ጉባኤው ደንብ ስላልነበረው አንድ ሰው ንባብን ሲከለክል አንባቢውን የሚያስጠብቅ ሥርዓትም አልነበረም። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ወዳጅ ነበሩ፤ ለአንድ ምሽት ሰላም ብለው ዝም አሉ። ጠብ አልተነሣም። ቶልኪንም ከዚያ ወዲህ መምጣቱን አላቋረጠም። ነገር ግን ለአሥር ዓመታት ያህል ሐሙስን በጉጉት ያስጠበቀው ነገር ከእጁ ወጣ። አካሉ በወንበሩ ላይ ነበረ፤ ረቂቁ ግን ቤቱ ቀረ።

ቀጥሎ የመጡት ነገሮች በብዛት የኑሮ ነገሮች ናቸው። ሉዊስ በቤቱ አንዲት አረጋዊት በሽተኛ ያስታምም ነበር፤ ከሥራና ከማስታመም ብዛት በጁን 1949 ራሱ ታሞ ሆስፒታል ገባ። በዚያው ዓመት ለልጆች የጻፈውን የመጀመሪያውን የናርኒያ ታሪክ ለቶልኪን ሲያነብለት ቶልኪን አልወደደለትም፤ እንደ ሐሙስ ልማዳቸውም ይህን አልሸሸገም። ቶልኪን በበኩሉ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ጽፎ ጨረሰ፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ የሚያመጣው ምዕራፍ የለውም። ፍም ነካሾች ትረካቸውን ጨርሰው ተሰናብተው ነበር፤ ኢንክሊንግስ ግን ትልቁ ሥራቸው ሲያልቅ መጨረሱን ያወጀ፣ ሌላ ያስጀመረም አልነበረም። አንድ ሥራ ተፈጽሞ ሌላ ሳይጀመር ያለችው ያች ባዶ ጊዜ ለማኅበር እጅግ አደገኛ ትመስለኛለች።

በዋረን ማስታወሻ የመጨረሻው የሐሙስ ምሽት ኦክቶበር 20 ቀን 1949 የተደረገው ነው። በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 27፣ ማንም ሳይመጣ መቅረቱን በአጭሩ ይመዘግባል። ሌላ ነገር የለም። የስንብት ንግግር፣ የመዝጊያ ውሳኔ፣ የወቀሳ ደብዳቤ አልነበረም። ወዳጆቹም አልተጣሉም፤ ከቀናት በኋላ በመንገድ ሲገናኙ እንደ ወትሮው በፍቅር ሰላም የተባባሉ ይመስለኛል። ብቻ በዚያች ምሽት እያንዳንዱ በየቤቱ ዛሬ ብቀር ሌሎቹ አሉ ብሎ አሰበ ይሆናል፤ ሌሎቹም እንዲሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመልከት። ሐሙስ ሲሞት ማክሰኞ አልሞተም። የመጠጥ ቤቱ ስብሰባ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ቆይቷል። ሉዊስ በ1954 የካምብሪጅን ፕሮፌሰርነት ሲቀበል፣ ይቀበለውም ዘንድ አጥብቆ የመከረው ከመራጮቹ አንዱ የነበረው ያው ቶልኪን ነው፣ ስብሰባው ለጉዞው እንዲመች ወደ ሰኞ ተዛወረ። በ1962 ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሌላ መጠጥ ቤት ገባ። ሉዊስ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም። ከውጭ ላየው ማኅበሩ ሕያው ነበረ፤ ቀኑ አለ፣ ስሙ አለ፣ ሳቁ አለ። የጠፋው ማንም ረቂቅ ይዞ የማይመጣ መሆኑ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ከማኅበር አስቀድሞ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ሥራው ነው። ብርቱ አባል መጀመሪያ ረቂቁን ማምጣት ይተዋል፤ ሲስቅ ስለምናየው አናስተውልም። ከዚያ አንድ ቀን ራሱም ይቀራል፤ ያን ጊዜ ጋብቻውን፣ ሥራውን፣ የመንገዱን ርቀት ምክንያት እናደርጋለን። ምክንያቶቹ ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን ከዚህ የከበደ ምክንያት ሞልቶ ሳለ ማንም አልቀረም፤ የሚያነበው የነበረው ያነብ ነበርና፣ የሚሰማውም ይሰማ ነበርና። ዝም ብሎ የሚመጣ አባል ማክሰኞ ይበቃዋል። ብርቱው አባል ግን ማኅበሩን የወደደው ለሐሙስ ነው። ስለዚህ ጆሮ ሲነፈግ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው፣ ከሁሉ በፊትም የሚለየው እርሱ ነው።

የእኛ አገር የጽዋ ማኅበር ከዚህ አንጻር ሳየው ትልቅ ጥበብ አለበት። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ተረክቦ ይወስደዋል፤ በወሩ የሚጠበቀው እርሱ ነው። ደጋሹ ዘወትር አንድ ሰው አይደለምና ሸክሙ አንዱን አያጎብጥም፤ እንግዳ ሆኖ ብቻ የሚኖርም የለም። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ መጠየቁም ቅጣት ብቻ ሳይሆን ቦታህ ባዶ ነበር የሚል መልእክት አለው። ኢንክሊንግስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሉዊስ ክፍል፣ በሉዊስ እሳት፣ በሉዊስ ጠያቂነት ነበር የሚሰበሰቡት። ሉዊስ ሲደክም ጽዋውን የሚረከብ ተረኛ አልነበረም።

እኔም በወጣትነቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ ትንሽ የንባብ ክበብ አባል ነበርሁ። ከመካከላችን አጥብቆ የሚጽፈው አንድ ገጣሚ ነበረ። በሦስተኛው ዓመት ግጥም ሲያወጣ ለዛሬ ይቆየንና እንጫወት የሚሉ ድምፆች በዙ። እርሱም ቆየ፤ ሳቀ፤ ተጫወተ፤ በበጋው መጨረሻ ቀረ። ከዓመታት በኋላ አግኝቼው ስለዚያ ሳነሣበት ማንም እንዳላስቀየመው፣ እንዲያውም እነዚያ ቅዳሜዎች እንደሚናፍቁት አጫወተኝ። ከክበቡ ወዲህ ይጽፍ እንደ ሆነ ስጠይቀው ግን የለም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የኢንክሊንግስን ታሪክ በሌላ ዓይን ማንበብ የጀመርሁት። የቶልኪን መጽሐፍ ከዳይሰን በፊት ብዙ መንገድ ሄዶ ነበርና ዳነ። ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሳለ ጆሮ ያጣ ስንቱ ረቂቅ እንደ ቀረ የሚያውቅ የለም።

ሉዊስ ባረፈ በአራተኛው ቀን ቶልኪን ለሴት ልጁ ደብዳቤ ጻፈ። እስከዚያ ድረስ በዕድሜው እንዳለ ሰው እንደ አሮጌ ዛፍ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሲረግፉ ይሰማው እንደ ነበረ፣ ይህ ሞት ግን ከሥሩ አጠገብ እንዳረፈ መጥረቢያ እንደ ሆነበት ይነግራታል። ሁለቱ ወዳጆች በዚያ ጊዜ ከተራራቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ቶልኪን የወዳጁን ጋብቻ እንኳ የሰማው ዘግይቶ ነበር። ሆኖም መጥረቢያው ያረፈው ከሥሩ ነው። ይህን ሳነብ ከማኅበር ዝም ብለው የሚቀሩ ሰዎች ስለ ጠሉን ነው የሚለው ጥርጣሬ ከልቤ ይወጣል። ፍቅሩ አለ፤ ሐሙሱ ነው የሌለው።

እንግዲህ ከየማኅበራችን የቀረ ብርቱ ወዳጅ ካለ፣ ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ይነግረናል፤ ምክንያቱም ትክክል ይሆናል፤ እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ ብጠይቅ የምወደው ሌላ ነው፤ ሰሞኑን የጻፍኸው ነገር አለ ወይ? ካለ፣ ይዘኸው ና፤ እንሰማለን።